ስትሄድ ነው ስትመለስ?

የእህቴ የልጅ ልጅ ሜሮን ስልኳን ይዛ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠችና፣ «አክስቴ፣ ድሮ ሥራሽ ምን ነበር?» አለችኝ። አውሮፕላን ከአንዱ አገር ሌላው አገር ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ማስላት ነበር አልኳት። ስልኳን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «ይኸው» አለች። ከአዲስ አበባ ቦምቤይ፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ሰዓት ግድም። ዕድሜዬን የፈጀሁበት እንጀራ በአንድ ጣት ተጋግሮ አለቀ።

ተጠግቼ አየሁትና፣ «ስትሄድ ነው ስትመለስ?» አልኩ።

«ማን?»

«ስልኩን ነው የምጠይቀው።»

ሜሮን ሳቀች። «አክስቴ ደግሞ፣ መንገዱ ያው አንድ መንገድ አይደል?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፣ በስልኩም አልፈረድኩም። ሁለቱንም ጋሽ ደምሴ አላስተማሯቸውም። ይህን የምጽፈው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ደምሴ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላሉ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ክረምት አልፏል። ቤቴ ያው ኮልፌ፣ የተወለድኩበት ግቢ ነው። ከምዕራብ ገብተው ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች በጣሪያዬ ላይ ያልፋሉ። ጎረቤቶቼን ድምፁ ያማርራቸዋል። እኔ ግን ቀና ብዬ «ይሄ ዛሬ ቀደመ፣ ያኛው ዘገየ» እላለሁ። የሚሰማኝ የለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ገና ልደታ ሳለ ነው። የተቀጠርኩት በታይፒስትነት ነበር። ከኮልፌ ልደታ የምሄደው በእግሬ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው እግር ስለሚይዝ በቦቲ እመጣና ጫማዬን ዘበኛው ቤት እቀይራለሁ። እናቴን ነገሩ አልጣማትም ነበር። «ሰማይ ላይ የሚሄድ ነገር ምን ያደርግልሻል? ምድሩ ጠበበሽ?» ትለኛለች። አውሮፕላን ላይ እንደማልወጣ፣ ወረቀቱን ብቻ እንደምጽፍ ስነግራት ደግሞ፣ «ታዲያ የማትቀምሺውን ወጥ ልታማስይ ነው?» አለችና ተወችኝ። የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ ጋቢ ስገዛላት ወጡን ማማሰሉም ክፉ እንዳልሆነ አመነች።

አለቃችን ፈረንጅ ነበር። ከአማርኛ «ቶሎ» የምትለዋን ብቻ ስለሚያውቅ ስሙን «ሚስተር ቶሎ» አልነው። ጠዋት ገና በሩ ላይ ሳለ «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ፒፓውን ይለኩሳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ካፒቴኖቹን የሚያናግር፣ ወረቀቱ ላይ የሚፈርም እሱ ነው። እኔን ከታይፑ አንስተው ካርታው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡኝ ግን ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ አጠር፣ ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። ስሌት ሲጀምሩ አንድ እፍኝ ጠረጴዛው ላይ ያፈሳሉ፣ ስሌቱ ሳያልቅ አንዲት ፍሬ አይነኩም። አባታቸው ሲራራ ነጋዴ ስለነበሩ በልጅነታቸው ከጭነት ኋላ ብዙ ተጉዘዋል። ከዚያ ነው መሰለኝ፣ የመንገድ ነገር ሲነሳ ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንድ ሰው መጥቶ «ጋሽ ደምሴ፣ አቴና ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ካላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ ያው ነው፣ «ስትሄድ ነው ስትመለስ?» ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፣ መልስ ይጠብቃሉ።

እኔም እንደ ሰዉ ስስቅ አዩኝና ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ፣ ኮልፌ።» ስሜን እስኪጠሩት ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። «ጠዋት ከቤትሽ ስትመጪ ቁልቁለት ነው አቀበት?»

«ቁልቁለት ይበዛዋል።»

«ማታስ?»

«አቀበት ነዋ። በዚያ ላይ ጭቃው።»

«መንገዱ ማታ ማታ ይረዝማል?»

«ኧረ ያው ነው።»

«እግርሽስ ምን ይላል?»

«ረዘመ ይላል።»

«እንግዲህ ርቀት የምድር ነው፣ ሰዓት የንፋስ ነው። ምድር አትዋሽም፣ ንፋስ ደግሞ ቃል አይገባም። የኛ ሥራ ሁለቱን ማስታረቅ ነው» አሉኝና አንድ ወንበር ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ርቀቱን ማውጣት ቀላሉ ነው። ጠረጴዛውን ሙሉ የሚሸፍን ካርታ ነበረን። ሰው ሁሉ የሚመስለው ከአዲስ አበባ እስከሚፈልገው አገር በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ቢያሰምር አጭሩን መንገድ ያገኘ ነው። ምድር ግን ክብ ናት፣ ካርታው ጠፍጣፋ። ጋሽ ደምሴ ይህን ያሳዩኝ በብርቱካን ነው። ሁለት ነጥብ በእርሳስ አደረጉበትና ክር ወጠሩ፣ ክሩ እኔ ከጠበቅኩት ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ሄደ። «ክር ሰነፍ ነው፣ ሁልጊዜ አጭሩን ይመርጣል» አሉ። ከዚያ ብርቱካኑን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

አስቸጋሪው የንፋሱ ነው። ከአየር ጠባይ ክፍል የላይኛው ንፋስ አቅጣጫና ጉልበት በወረቀት ይመጣልናል። መንገዱን እንቆራርጠዋለን። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ንፋሱ ከፊት ነው፣ ከኋላ ነው፣ ወይስ ከጎን? ከጎን ከሆነ አውሮፕላኑ ወደ ንፋሱ ዘወር ብሎ መብረር አለበት፣ ወራጅ ወንዝ የሚሻገር ሰው ፊቱን ወደ ላይ ወገን አድርጎ እንደሚሻገረው። ያንን ሁሉ በእጅ በምትሽከረከር ክብ ማስሊያ እያዞርን እናወጣና እንደምረዋለን። ነዳጁ የሚቀዳው በዚያ ነው፣ ባሕር ላይ ሳሉ ተሳሳትን ማለት አይቻልም። ጋሽ ደምሴ ስሌቱን ከጨረሱ በኋላ ከመጨረሻው ቁራጭ ጀምረው ወደ መነሻው እንደገና ያሰሉታል። ሁለቱ ከተገናኙ ቆሎዋን ያነሳሉ። ካልተገናኙ ቆሎዋ እዚያው ትውላለች።

ቆይቼ የንፋሶቹን አመል ለየሁ። በክረምት፣ እኛ ታች በጭቃ ስንላቆጥ፣ ከላይ ከህንድ ወገን ወደኛ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ። ከቦምቤይ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋል፣ ወደዚያ የሚሄደውን ደረቱን ይዞ ያቆያል። በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። መንገዱ ያው፣ ባሕሩ ያው ሆኖ ሰዓቱ ግን ሌላ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፣ ማንም የማያየውን ጎረቤት የተዋወቅኩ መሰለኝ።

ሌላው የጋሽ ደምሴ አመል የቃል ነበር። «ይደርሳል» አይሉም። ሰው ደውሎ «የካርቱሙ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» ይላል።

«በስምንት ሰዓት ይጠበቃል።»

«እሺ፣ በስምንት ይደርሳል አይደል?»

«ይጠበቃል፣ ጌታዬ።»

አንድ ቀን እኔ በታይፕ «ይደርሳል» ብዬ ብጽፍ ወረቀቱን መለሱልኝ። «ኮልፌ፣ አንቺ ነሽ ይዘሽ የምታወርጂው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ ሳይቀር ትስቅብኝ ነበር፣ «ምሳ ደረሰ?» ስትለኝ «ይጠበቃል» እላታለሁና።

መሐል ላይ ድሬዳዋ አንድ ዓመት ተመድቤ ነበር። ስለ ድሬዳዋ የምለው ብዙ የለኝም፣ ሙቀቱ፣ ሸንኮራውና የጎረቤቶቼ ሳቅ ጥሩ ነበር። ለሥራዬ ያተረፍኩት፣ ሙቀት አየሩን እንደሚያሳሳውና አውሮፕላን በቀትር ለመነሳት ረጅም ሩጫ እንደሚፈልግ ማየቴን ነው። ወረቀት ሲዘገይብኝ በቴሌግራም የሚቆጣኝ ሚስተር ቶሎ ነበር። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው።

ስመለስ ማረፊያው ቦሌ ሆኗል፣ ጄት ገብቷል፣ ሚስተር ቶሎ አገሩ ተመልሷል። ጋሽ ደምሴ የክፍሉ ኃላፊ፣ እኔ ረዳታቸው ሆንኩ። የቦምቤይን መስመር ለእኔ ሰጡኝ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ወሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ግርማ የአጥር ጎረቤታችን ነው፣ አንድ ላይ አድገናል። ምህንድስና ሊማር ቦምቤይ ከሄደ አራተኛ ዓመቱ ነበር። አባቱ ቀድመው ስለሞቱ እሱና እህቱ ጽጌ ያላቸው እናታቸው እማማ ድንቄ ብቻ ናቸው። ግንቦት ላይ እማማ ድንቄ ታመሙና በሳምንታቸው አረፉ። ግርማ የመጨረሻ ፈተናው ላይ ነበር። የእድራችን ዳኛ አቶ በየነ ለቅሶው ላይ ተነስተው፣ «ልጁ ፈተናውን ጨርሶ እስኪመጣ ማንም እንዳይጽፍለት። በሰው አገር ብቻውን አያልቅስ» አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ተስማማ። ጽጌ «እማዬ ጠበል ገብታለች» እያለች ትጽፍለት ጀመር። ደብዳቤውን ስትጽፍ እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ወረቀቱ እንዳይረጥብ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር።

ሐምሌ ላይ ግርማ ሊመጣ ሆነ። መርዶው እንዴት እንደሚነገር ተመከረ። አጎቱና አቶ በየነ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ይቀበሉታል። እናትህ ጠበል ናት ብለው ጉለሌ አጎቱ ቤት ያሳድሩታል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ንጋት ላይ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይነገረዋል፣ ከዚያ ደግፈው ወደ ኮልፌ ያመጡታል። አቶ በየነ ቤቴ መጡ።

«አስካለ፣ የግርማ አውሮፕላን ስንት ሰዓት ይደርሳል?»

«በአስር ሰዓት ይጠበቃል፣ አባባ።»

«ሊዘገይ ይችላል?»

«ይችላል። ኤደን ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል፣ እዚያ ሊቆይ ይችላል።»

«ቢዘገይ ግድ የለም፣ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን» አሉ። ቢቀድምስ ብሎ የጠየቀ የለም። እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አላሰብኩ፣ በኋላ ጋሽ ደምሴን ሳማክራቸውም እሳቸው አላነሱት። በሥራችን አንገት የሚያስደፋው መዘግየት ነው። ቀድሞ የመጣ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

የዚያን ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደተዘጋ ነበር። ሬዲዮው ባሕሩ ላይ ካለው አውሮፕላን ጋር መነጋገር ተስኖት ይንጫጫል። ከምሳ በኋላ የሬዲዮ ክፍሉ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። ኤደን የሚወርድም የሚሳፈርም የለም፣ ንፋሱ ከኋላ ጥሩ ስለሆነ ነዳጁ ይተርፋል፣ ካፒቴኑ ኤደንን ትቶ በቀጥታ እየመጣ ነው። መልእክቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ አውሮፕላኑ ጅቡቲን አልፎ ነበር። ከጠበቅነው ሁለት ሰዓት ያህል ሊቀድም ነው።

በሰፈራችን ስልክ ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው። ደወልኩ፣ መስመሩ በዝናቡ ሞቷል። ጋሽ ደምሴ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው። «የመሥሪያ ቤቱን መኪና ያዢና ሂጂ፣ ሽማግሌዎቹን አምጪ» አሉኝ። ሹፌሩ ነዳ። ልደታ ጋ ጎርፉ መንገዱን ሞልቶት ቆምን፣ ዞረን ሄድን። ኮልፌ ስደርስ አቶ በየነ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ የግርማን አጎት እየጠበቁ ነበር። «ምነው አንቺ?» አሉ። ነገርኳቸው። እኒያ እርጋታቸው የሚነገርላቸው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጡ አየኋቸው። ያገኘናቸውን ጭነን ወደ ቦሌ ተመለስን። መንገድ ላይ ብዙ ሴቼንቶ ታክሲ አልፎናል። ከነዚያ በአንዱ ውስጥ ግርማ ነበር።

አውሮፕላኑ አርፎ፣ መንገደኛው ወጥቶ አልቋል። ግርማ በር ላይ የሚቀበለው ሰው ሲያጣ አልከፋውም አሉ፣ ገና ነው ብሎ ነው። አስደንቃቸዋለሁ ብሎ ሻንጣውን ታክሲ ላይ ጫነ።

ኮልፌ ፌርማታ ወረደ። እዚያ የከድር ሱቅ አለ። ከድር የግርማ ባልንጀራ ነው፣ እማማ ድንቄ «ሁለተኛው ልጄ» ይሉት ነበር። ለንግድ አገር ቤት ከርሞ የዚያኑ ዕለት ጠዋት መመለሱ ነው። የእማማ ድንቄን መሞት ሰምቷል፣ የሰፈሩን ምክር ግን አልሰማም። ግርማን ሻንጣ ይዞ ሲያየው ለሐዘኑ የመጣ መሰለው። ከሱቁ ወጥቶ አቀፈውና፣ «አላህ ያጥናህ ወንድሜ፣ እኔም ሳልቀብራቸው» አለው።

ግርማ «ማንን?» አለ።

እኛ ከቦሌ ተመልሰን ስንደርስ ግርማ መንገዱ ዳር ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ከድር ሱቁን ዘግቶ ጭቃው ላይ አጠገቡ ቁጭ ብሏል፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እሱም ያለቅሳል። ዝናቡ ሁለቱንም ይመታቸዋል። ጽጌ በባዶ እግሯ ስትሮጥ መጣች። አቶ በየነ ከመኪናው ወርደው ከዘራቸውን ጥለው እነሱ አጠገብ ተቀመጡ። መርዶ ነጋሪ የሚለው ቃል ነበራቸው፣ ብዙ ጊዜ ተጠንቅቀው ያሰቡት። አንዱም አልወጣቸውም።

በሥራ ዘመኔ አውሮፕላን ሲዘገይ፣ ጭነት ሲጠፋ፣ ሚኒስትር ሲቆጣ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አዝኜ አላውቅም።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ቆሎው ጠረጴዛው ላይ ፈሷል፣ ስሌት ግን የለም። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል።

«ተገኘ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«አንቺን ላክሁ» አሉ፣ «እኔ እዚሁ ቀረሁ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ በመስኮት አይቼዋለሁ። ጎማው መሬት ሲነካ ወረቀቱን አጠፍኩና ሻይ አዘዝኩ። በሩ እዚህ ታች ነው። ወርጄ "አንተ የኮልፌው ልጅ፣ ና ሻይ እንጠጣ፣ ዘመዶችህ እየመጡ ነው" ብለው ይበቃ ነበር። አውሮፕላኑን ተቀበልኩ፣ ሰውየውን ረሳሁት።»

«እርስዎ በምን ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ግን ለማወቅ ምን ቸገረኝ?» ቆሎውን ሰብስበው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ከአርባ ቀን በኋላ ግርማ ራሱ ቢሮ መጣ። ከስቷል፣ ጥቁር ኮት ለብሷል። ሊቆጣን መስሎኝ ነበር። ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ «ለምን እንደቀደመ ልወቅ ብዬ ነው» አለ። ጋሽ ደምሴ ካርታውን ዘርግተው፣ የዚያን ቀን ንፋስ ቁራጭ በቁራጭ አሳዩት። ኤደን የቱ ጋ እንደቀረ አሳዩት። ከዚያ ለእኔ ያሉትን ለእሱም አሉት፣ ሻዩን ሳይቀር። ግርማ በካርታው ላይ ጎንበስ ብሎ ሰማቸው።

«ከድርን ሰው ሁሉ ይወቅሰዋል» አለ በመጨረሻ። «እሱም ራሱን ይወቅሳል፣ ዓይኔን አያይም። እኔ ግን ከድር ባያገኘኝ ኖሮ የግቢውን በር ገፍቼ "እማዬ" ብዬ እጣራ ነበር። ከዚያ ይሻላል። ንገሪው እስቲ አስካለ፣ እኔን አያምነኝም።»

ነገርኩት። ከድር ሱቁን እንደገና የከፈተው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አንድ ነገር ተለወጠ። ለጠየቀ ሰው ሁለት ሰዓት እንሰጥ ጀመር። አንዱ የሚጠበቅበት ነው። ሌላው፣ ንፋሱ ቢያግዝ፣ መሐል ማረፊያው ቢቀር፣ ሁሉ ነገር ቢቀና፣ ከዚያ በፊት ሊመጣ የማይችልበት። አዲሱ አለቃ «ሁለተኛው ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጋሽ ደምሴ «ለተቀባይ» አሉት። ስሌቱን በእጥፍ ያበዛብናል፣ ደመወዛችንን ግን አላበዛውም። ቢሆንም ማናችንም አላጉረመረምንም።

ግርማም ተለወጠ። መንገድ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ አሮጌ ቮልስዋገን ገዝቶ ነበር። ከኮልፌ ሰው አገር ሄዶ ሲመለስ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ለትምህርት የሄደውም ከሐጅ የሚመጣውም፣ ቦሌ በር ላይ መጀመሪያ የሚያየው ግርማን ነው። ሁለተኛዋን ሰዓት ጠይቆ በእሷ ይመጣል። ለደስታም ለሐዘንም ይመጣል። ስለዚህ ሰው እሱን ሲያይ ደስ ከማለቱ በፊት ትንሽ ይደነግጣል። ከድር «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና ሆንክብን፣ ምን እንደምትል አይታወቅም» እያለ ያሾፍበታል።

እኔ እስከዚያ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልበረርኩም። ቦምቤይ በእርሳስ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድ ዓመት መሥሪያ ቤቱ ለስልጠና ወደዚያው ላከኝ፣ አራት ወር። እናቴ ያኔ ልቧን ያማት ጀምሯል። ስሰናበታት «ሂጂ፣ ወጡን አንድ ቀን እንኳ ቅመሺው» አለችኝ። እዚያ ሳለሁ ደብዳቤዋ በየሁለት ሳምንቱ ይደርሰኝ ነበር። በመጨረሻው ወር አልደረሰኝም። የደረሰኝ የጽጌ ደብዳቤ ነው። «እናትሽ ደህና ናቸው፣ ጠበል ገብተዋል» ይላል።

ጠበል።

ይህንን ቃል ማን እንደሚጽፈው፣ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ፊት ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው።

የተመለስኩት በነሐሴ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ከታች ደመና ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲበላና ሲተኛ እኔ በጭንቅላቴ አሰላለሁ። ኤደን አናርፍም፣ ንፋሱ ከኋላ ነው፣ እንቀድማለን። በልጅነቴ ቁልቁለቱን ስወርድ እንደሚሰማኝ፣ የሆነ ነገር ጀርባዬን ይዞ ይገፋኛል። ያን ንፋስ ስንት ዓመት ወድጄዋለሁ፣ የዚያን ቀን ግን ቢለቀኝ ደስ ባለኝ። እዚያው ሆኜ አንድ ነገር ወሰንኩ። ካረፍን በኋላ ከበሩ አልወጣም። ውስጥ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ የምጠበቅበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። አቶ በየነ ጋቢያቸውን ይልበሱ፣ ሰዎቹ ይሰብሰቡ፣ ቃላቸውን ያዘጋጁ። የመጣሁበትን ነገር እነሱ ሲደርሱ እሰማዋለሁ። ብቻዬን አልሰማውም፣ እነሱንም አላስሮጣቸውም።

አረፍን። ሻንጣዬን ይዤ አግዳሚውን ፈለግኩ። ሳልቀመጥ ቀና ስል በመስታወቱ ወዲያ ግርማ ቆሟል።

የለበሰውን ለማየት ሞከርኩ፣ ጥቁር ነው ነጭ ነው ሳልለይ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ ግን ገና ሲያየኝ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ እጁን ሳያነሳ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ በመስታወቱ ላይ ጮኸ።

«ደህና ናቸው! እናትሽ ደህና ናቸው! ጠበሉ እውነተኛ ጠበል ነው፣ ትናንት ተመልሰዋል!»

ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ግርማ ሻንጣዬን ተቀብሎ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ነው «እንኳን በደህና መጣሽ» ያለኝ።

ቮልስዋገኑ ውስጥ ገብተን ልደታን ካለፍን በኋላ ነፍሴ ተመለሰች። «እንደምቀድም በምን አወቅህ? ሁለተኛዋን ሰዓት ነግረውህ ነው?» አልኩት።

«ጋሽ ደምሴ ጋ ደወልኩ። "አስካለ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?" አልኳቸው። ሰዓት አልነገሩኝም። "ስትሄድ ነው ስትመለስ?" አሉኝ። "ስትመለስ" አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«"እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ፣ አሁኑኑ ሂድ" ብለው ስልኩን ዘጉት።»

ኮልፌ ስንደርስ ከድር ከሱቁ ወጥቶ እጁን አውለበለበ። እናቴ ጓዳ ነበረች። የግቢውን በር ገፍቼ «እማዬ» ብዬ ስጣራ ጭልፋዋን እንደያዘች ብቅ አለችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ምነው ቀደምሽ ልጄ» አለችኝ፣ «ወጡ እኮ ገና ነው።»